የእነ አሲያ መሰላል

እሌኒ የአባቷን እጅ እያስታጠበች ሳለ የአሲያ ድምፅ በግድግዳው በኩል መጣ። ሁለቱ ቤቶች የሚጋሩት አንድ ግድግዳ ነው፤ ከወዲህ የአባቷ የአቶ አሻግሬ አልጋ ተጠግቶታል፣ ከወዲያ የአሲያ የጨርቅ መጋዘን። ክረምት ገብቶ ጭቃው ሲርስ ማዶ ላስነጠሰ ሰው ከዚህ ሆኖ «ይማርህ» ማለት ይቻላል። «ምስክርማ ከየት አመጣለሁ?» ትል ነበር አሲያ ለባሏ ለጠይብ። «ልጅቱን ምስክር እቆጥራለሁ። እሌኒ ያለችው ይሁን። እሷ ካለችው አልወጣም።» ጠይብ ምን ብሎ እንደመለሰ አልተሰማም፤ ሳሉና የበሩ መቀርቀሪያ ብቻ ተሰማ። ወደ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ የሚሄድበት ቀን ነበር።

እሌኒ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። የአባቷ እጆች ከሳፋው በላይ ተዘርግተው ውኃ ይጠብቃሉ። አቶ አሻግሬም ሰምተዋል፤ አለመስማት አይችሉም፣ ድምፁ የመጣው ከራስጌያቸው በኩል ነው። ጣቶቻቸውን ግን አላንቀሳቀሱም፣ ቀና ብለውም አላዩዋትም። በሳፋው ውስጥ ያለውን ሳሙና ያዘለ ውኃ ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩና «አፍስሺ እንጂ፣ ቀዘቀዘኝ» አሉ። አፈሰሰች። ከዚያ ፎጣውን ተቀበሉ፤ እያንዳንዱን ጣት ለብቻው፣ ቀለበት እንደሚያወልቅ ሰው፣ ቀስ እያሉ አደረቁ። ሲጨርሱ «ዛሬ ነጭ ነጠላሽን ልበሺ» አሏት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ነገሩ የተጀመረው በሰኔ መጨረሻ ነው። የአቶ አሻግሬ ጣራ አሸንዳ ዱሮ አፉ ወደ ራሳቸው ጓሮ ነበር። ውኃው ከዚያ እየወረደ የገዛ ቤታቸውን መሠረት መሸርሸር ጀመረ፤ በአልጋቸው ግርጌ በኩል ምርጉ እየተላጠ ወደቀ፣ የግድግዳው እንጨት እንደ ከብት ጎድን ታየ። አናጺ ቢጠሩ የሚከፈለው አናጺ ብቻ አይደለም፤ ጭቃ የሚያቦካም ገለባ የሚያመጣም ይፈልጋል። አንድ ቀን ፀሐይ ጥልቅ ስትል «ጣራው ሚስማር ለቋል፤ ከእነ አሲያ መሰላል ተዋሺ» ብለው ላኳት። ሄዳ ተዋሰች። አሲያ ራሷ አንደኛውን ጫፍ ይዛ እስከ አጥሩ ድረስ አገዘቻት፤ «አደራ፣ ሦስተኛው እርከን ይላወሳል፣ አያ አሻግሬ እንዳይወድቁ» ብላ ተመለሰች። እሌኒ የመሰላሉን እግር ይዛ ቆመች፤ አባቷ ወጡ። ሚስማር ሲመቱ አልሰማችም። የሰማችው የአሸንዳው ቆርቆሮ ሲጣመም የሚያወጣውን ጩኸት ነው። ሲወርዱ የአሸንዳው አፍ በአሲያ መጋዘን ጣራና በግድግዳው መካከል ወዳለው ክፍተት ዞሯል። «እዚያ ውኃው ይበተናል» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ውኃው አልተበተነም። ሐምሌ ሲገባ በጣለው ዶፍ የአሲያ መጋዘን ግድግዳ ጠጣ፤ ለመስከረም ብላ ከጎንደር ያመጣችው የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ፣ ሰማያዊውም ካኪውም ጣቃ ጣቃው ተደራርቦ ስለነበር፣ የሰማያዊው ቀለም ለቆ ካኪው ላይ ፈሰሰ። አሲያ ልትነጋገር መጣች፤ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ በሩ ላይ ቆማ። አቶ አሻግሬ እንድትገባ እንኳ ሳይጋብዟት «ነፋስ ያዞረውን አሸንዳ እኔን ምን ታደርጊኛለሽ? ከፈለግሽ ክሰሺኝ!» አሏት። ይህን ሲሉ በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ እሌኒ ታውቀዋለች፣ ደስታም ነበረበት። አባቷ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ተሟጋች ናቸው። ደረስጌ አጠገብ አንዲት እጅ ለማታህል የድንበር መሬት ከአጎታቸው ልጅ ጋር ተካሰው ከወረዳ አውራጃ፣ ከአውራጃ ጎንደር ሲመላለሱ ሁለት በሬ ሸጠዋል። መሬቲቱ በመጨረሻ ለማን እንደተፈረደች ሲጠየቁ «እሱ አይደለም ቁም ነገሩ» ይላሉ። «ክሰሺኝ» ሲሉም ያሰቡት የሚያውቁትን ፍርድ ቤት ነው። ማመልከቻ ይጻፋል፣ መጥሪያ ይወጣል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ዳኛው ይታመማል፣ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል፤ እስከዚያው ክረምቱ ያልፋል፣ ሰውም ይረሳል፣ በበጋው ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል።

አሁን ግን ነገሩ ሁሉ ተለውጧል። የፍርድ ቤት ማሻሻያ የሚሉት መጥቶ በቀበሌው አዳራሽ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ግምቱ አነስተኛ የሆነ ክስ ወረዳ ድረስ መጓተት የለበትም፣ በቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት በአፍ ይቀርባል፣ በቀረበበት ቀን ይሰማል፣ በዚያው ቀን ይወሰናል ይላል። አሲያ ሰኞ ከሰሰች፤ ለሐሙስ ተጠሩ። አቶ አሻግሬ መጥሪያውን ገልብጠው ከጀርባው ሌላ ነገር የተጻፈ ይመስል አዩት። «በዚህ ሳምንት?» አሉ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ስለ ክሱ አንድም ቃል አልተነገረም። አባትና ልጅ አብረው ይበላሉ፣ ሽሮው ጨው በዝቶበታል አልበዛበትም ይባባላሉ፣ ይተኛሉ፤ በግድግዳው ማዶ አሲያ እርጥቡን ጨርቅ ስትጨምቅ የሚንጠባጠበውን ውኃ ሁለቱም ያዳምጣሉ።

ወደ አዳራሹ ሲሄዱ የገዱ ሻይ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ አቶ አሻግሬ ቆሙ። ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለ ሻይ ቤት ነው፤ እሌኒ በየቀኑ ታየዋለች እንጂ ከአባቷ ጋር ገብታበት አታውቅም። «ባዶ ሆድሽን ነሽ» አሉና ገቡ። ባለቤቷ ገዱ ትኩስ ፓስቲና ሁለት ሻይ አመጣች። አቶ አሻግሬ ለራሳቸው አልነኩም፤ ሳህኑን ወደ ልጃቸው ገፉት። «ብዪ» አሉ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በሰማያዊ ቀለም የተነከረች እስክትመስል የታጠበች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የመኪናውን መንገድ እያዩ ቆዩ። ወደ ተራራው፣ ወደ ጨነቅ፣ የሚወጡ ፈረንጆች የጫነ መኪና ጭቃ እየረጨ አለፈ። «እኛ አገር፣» አሉ በመጨረሻ፣ እሷን ሳያዩ፣ «በወንድሙ ላይ የመሰከረ ሰው ነበር። እውነቱን ነው የተናገረው፤ ማንም ዋሸ አላለውም። ግን ከዚያ ወዲያ ለልጁ ክርስትና አባት የሚሆን ሰው አጣ።» ሻያቸውን ጠጡ። «ሌላ ፓስቲ ትጨምርልሽ?» እሌኒ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ዘይቱ ጣቷ ላይ ቀርቶ ነበር፤ በነጭ ነጠላዋ እንዳትጠርገው ፈርታ እጇን ከጠረጴዛው በታች አድርጋ ቆየች።  አባቷ ሲከፍሉ ገዱ «ዛሬ ምን ተገኘ አያ አሻግሬ፣ ልጅ መጋበዝ ጀመሩ?» ብላ ሳቀች፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት አግዳሚ ወንበር ሙሉ ሰው ነበር። ክስ ያለው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው ዝናብ ያስጠለለው ወይም ነገር መስማት የሚወድ ነው። ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል፤ መካከለኛው አቶ ቢራራ የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው፣ መነጽራቸው ጆሯቸው ላይ በክር የታሰረ። በማሻሻያው ላይ ጎንደር ሄደው ሥልጠና ስለወሰዱ ሁሉን ነገር «በአዲሱ አሠራር» እያሉ ይጀምራሉ። ፊታቸው በየጨርቁ የተጠቀለሉ ወንጌልና ቁርኣን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አሲያ አስቀድማ መጥታ ከፊት ተቀምጣለች፤ በፌስታል የያዘችውን የተበላሸ ጨርቅ ናሙና ጭኗ ላይ አድርጋ። እሌኒ ስትገባ ዞር ብላ አየቻት፤ በየጠዋቱ በረንዳዋ ላይ እንደምታያት ዓይነት አስተያየት ነበር። የእሌኒ የስፌት መኪና የሚቀመጠው በአሲያ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ እዚያ ትሰፋለች። አሲያ ኪራይ ስጪኝ ብላ አታውቅም፤ ጨርቅ ለገዛ ሁሉ «ከውጭ ያለችው ልጅ ትስፋልህ፣ እጇ ቀና ነው» ትላለች።

አሲያ ክሷን ስትናገር አልረዘመችም። አሸንዳው እንደዞረ፣ ጨርቁ እንደተበላሸ፣ ሄዳ እንደለመነች ተናገረች። ግምቱን ሲጠይቋት «የገዛሁበትን ብቻ ነው የምጠይቀው፤ ትርፉን ትቼዋለሁ፤ አሸንዳው ግን ይመለስልኝ» አለች። ከዚያ አቶ አሻግሬ ተነሡ። ጋቢያቸውን በብብታቸው አሳልፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉ፣ ከዘራቸውን ወደ ፊት ዘረጉና፣ አዳራሹ ይሰማ ዘንድ ድምፃቸውን ከሆዳቸው አወጡት። «ተጠየቅ!» አሉ እንደ ዱሮው የሙግት ወግ። «በላ ልበልሃ! ነፋስና ውኃ የማን ሎሌ ናቸው?...»

«አያ አሻግሬ፣» አሉ አቶ ቢራራ፣ ፈገግታቸውን በመዳፋቸው እየሸፈኑ፣ «በአዲሱ አሠራር በአጭሩ ነው። አምነዋል ወይስ ክደዋል?»

«ገና መቼ ጀመርሁና! እንግዲያውስ ቀጠሮ ይሰጠኝና መልሴን አዘጋጅቼ ልቅረብ።»

«ቀጠሮ ቀርቷል።»

«ቀርቷል? ቀጠሮ የሌለው ክስ ምን ክስ ነው? የሻይ ሒሳብ ነው እንዴ!»

«ነፍስስ መቼ ቀጠሮ ይሰጣታል አያ አሻግሬ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ አዳራሹ ሳቀ። አቶ አሻግሬ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። የዱሮ ሰው ናቸው፤ ሳቅን እንዴት እንደሚወርሱት ያውቃሉ። ከዘራቸውን አወረዱና በቀስታ፣ እንደሚያዝን ሰው፣ «እሺ፣ በአጭሩ ይሁን» አሉ። «ክጃለሁ። አሸንዳውን ያዞረው የሊማሊሞ ነፋስ ነው። እኔ ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሽማግሌ ነኝ፤ ጣራ ላይ በምን ወጣሁ? በክንፍ? ቤቴ ይኸው፣ ሄዳችሁ ፈትሹ፤ መሰላል የሚባል ነገር ከተገኘ በቁሜ ልረታ!» ሰው ደግሞ ሳቀ፤ ይህኛው የአድናቆት ሳቅ ነበር። «እውነታቸውን ነው፣ መሰላልስ የላቸውም» አለች አንዲት ሴት።

እሌኒ የአሲያን ጀርባ አየች። አሁን ትናገራለች ብላ ጠበቀች። አሲያ ቀና አለች፤ አፏን ከፈት ያደረገችም መሰለ። ከዚያ አፏን ገጥማ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አስተካከለች። አሲያ ብትናገር ለእሌኒ ይቀልላት ነበር። አንዴ ብቻ «መሰላሉ የእኔ ነው፣ ልጅቱ ናት የወሰደችው» ብትል አባቷ ይዋረዱ ነበር፣ እሷም ትዋረድ ነበር፣ ግን ነገሩ ከእሷ አፍ አይወጣም ነበር።

«ምስክር አለሽ?» አሉ አቶ ቢራራ።

«የለኝም ጌታዬ። እሌኒን እቆጥራለሁ። የእሳቸው ልጅ ናት፣ ግን እሷ ያለችው ይሁን። አየሁ ካለች አየሁ ነው፤ አላየሁም ካለች ተረትቻለሁ።»

 የተከሳሽን ልጅ መቁጠር የዱሮ ሰዎች ወግ ነው፤ ማስረጃ ያጣ ሰው ነገሩን በባለጋራው ቤት ህሊና ላይ ይጥለዋል፤ ባለጋራው እምቢ ካለ ማፈሩ ነው። አቶ ቢራራ «ይቃወማሉ?» ሲሉ አቶ አሻግሬ ደረታቸውን ነፉ። «ልጄን? ልጄን ምን ብዬ!» አሉ። ይህን ሲሉ ወደ እሌኒ አልዞሩም።

እሌኒ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቀጠሮ ይኖራል ብላ ታስብ ነበር። አባቷ የጠየቁት ዓይነት ቀጠሮ፣ አንድ ሳምንት፣ ሦስት ቀን እንኳ ቢሆን። ዳባት ያለችው አክስቷ ዓለምዬ ዘንድ ትሄድ ነበር፤ ታምማ ነው ይባልላት ነበር፤ በመካከሉ ሽማግሌ ይገባ ነበር፤ ወይም ሌሊቱን ስታስብ አድራ ልብ ታገኝ ነበር። አዲሱ አሠራር ጥሩ ነው፤ ድሃ አያንገላታም፣ ሁሉም ይላል። ለማፈር ግን ጊዜ አይሰጥም። «ምስክሯ እዚሁ ካለች አሁኑኑ ትማል» አሉ አቶ ቢራራ። ወንጌሉ ላይ እጇን አደረገች። የፓስቲው ዘይት ገና ጣቷ ላይ ነበረ፤ በጨርቁ ላይ ትንሽ እድፍ ተወች፣ ማንም አላየውም።

«አባትሽ አሸንዳውን ሲያዞሩ አይተሻል?»

የአባቷን ጫማ አየች። ለዚህ ቀን ቀለም ተቀብቷል፤ ከመንገዱ የተነሣ ጭቃ ግን አፍንጫውን ሸፍኖታል። ከጫማው በላይ ቁርጭምጭሚታቸው ቀጭን ነበረ፤ ያን ዕለት መሰላሉ ላይ ሲወጡ ሦስተኛው እርከን ሲላወስ የያዘችው ቁርጭምጭሚት ነው።

«አላየሁም፣» አለች። እዚህ ላይ ልታቆም ትችል ነበር፤ ሌላ የጠየቃት አልነበረም። «ነፋስ ነበር፣» ብላ ጨመረች። «ያን ሰሞን ኃይለኛ ነፋስ ነበር።»

የአቶ ቢራራ እስክርቢቶ ሲጽፍ ይሰማ ነበር።  አሲያ ራሷን ነቀነቀች፤ የጨርቅ ዋጋ ተነግሮት እንደሚስማማ ሰው፣ በቀስታ። ዳኞቹ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ፤ ክሱ በማስረጃ ስላልተደገፈ ውድቅ ሆኗል፣ ይግባኝ ማለት መብት ነው ተባለ። «ይግባኝ አልልም፣» አለች አሲያ እየተነሣች። «ያለችው ይሁን ብያለሁ፤ ተረትቻለሁ።» ፌስታሏን ይዛ ወጣች። ሁሉም ነገር ሲያልቅ ገና ረፋድ ነበር። አቶ ቢራራ ሰዓታቸውን አይተው «ዱሮ ቢሆን ይኼ አንድ ዓመት ነበር» አሉ፣ በኩራት።

ደጅ ላይ ሰው አቶ አሻግሬን ጨበጣቸው። «እንኳን ረቱ!» አሏቸው፤ «ያችን የመሰላሏን ነገር እንዴት አመጧት!» አሏቸው። እሳቸው «በእግዜር ቸርነት» እያሉ እጅ ነሱ፤ ድምፃቸው ግን ከሆዳቸው አልነበረም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገዱ ቤት ገብተው ሙግቱን ከመጀመሪያው ያስደምጡ ነበር። አሁን ከልጃቸው ቀድመው፣ ከዘራቸውን ጭቃው ውስጥ እየተከሉ ሄዱ። እሌኒ ከኋላ ተከተለች። በመካከላቸው ሌላ ሰው ሊያልፍ የሚችል ክፍተት ነበር፤ ሊሞላው የሞከረ አልነበረም። ገዱ ከደጃፏ ሆና «ምሳ እንስራልዎ አያ አሻግሬ?» ብትላቸው እጃቸውን ብቻ አነሡ። በራቸው ጋ ሲደርሱ ቆሙና «አንቺ ወደ ሥራሽ አትሄጂም?» አሏት። ፊታቸው ወደ በሩ ነበር።

ሥራዋ የአሲያ በረንዳ ላይ ነው። እሌኒ መጀመሪያ መኪናዬን አነሣለሁ ብላ አሰበች፤ ግን ብቻዋን አትሸከመውም፣ ተሸካሚ ስትጠራ ደግሞ ወዴት እንደምትወስደው ይጠይቋታል። ሄደች። አሲያ ሱቁ ውስጥ አንዲትን የገጠር ሴት ሻሽ ታስመርጣለች። «ቀዩን አልፈልግም፣ ለቅሶ እሄድበታለሁ» ትላለች ሴትዮዋ፤ «እንግዲያውስ ጥቁሩን ውሰጂ፣ ለሰርግም ይሆናል» አለቻትና ሁለቱም ሳቁ። ገበያተኛዋ ስትወጣ አሲያ ወደ በረንዳው ብቅ አለች። እሌኒ ከመኪናዋ ጎን ቆማለች፣ አልተቀመጠችም። ስድብ ትጠብቅ ነበር። ስድብ ቢመጣ የምትመልሰውን በመንገድ ላይ አዘጋጅታለች፤ አባቴ ናቸው፣ ምን ላድርግ፣ እርስዎስ ቢሆኑ። አሲያ ግን «ቁጭ በይ እንጂ፣» አለች። «የሺዋስ ሱሪዬ አልደረሰም ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ መጥቷል።» ከዚያ ገብታ ክንዷ ሙሉ ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። ካኪው ነው። ሰማያዊው ቀለም በላዩ ላይ እንደ ወንዝ ተዘርግቶበታል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ደርቆ ጠርዙ ጠቁሯል። «ለዩኒፎርም አይሆንም፣» አለች አሲያ። «የትራስ ልብስ ቢሰፋ ግን ሰው ይገዛዋል። እድፉን ወደ ውስጥ አድርጊው። እንደ ሁልጊዜው በቁራጭ እከፍልሻለሁ።»

እሌኒ ሰፋች። መርፌው በእድፉ ላይ ሲሄድ በደህናው ጨርቅ ላይ እንደሚሄደው ነው፤ ልዩነት የለውም። ግን ዓይኗ ከእሱ አይነሣም። እድፉን ወደ ውስጥ ታደርገዋለች፣ ትሰፋለች፣ ስትገለብጠው ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። አራት አምስት እንደሰፋች እጇ ቆመ። ከዳገቱ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ በመንገዱ ላይ የበቅሎ ነጂዎች ጭነታቸውን ላስቲክ እያለበሱ ይሯሯጣሉ። አሲያ ከውስጥ ወጥታ ሰማዩን አየች፤ ከዚያ ምንም ሳትል ወደ መጋዘኑ ገባች። ጣቃዎቹን ከግድግዳው እየጎተተች ወደ መካከል ስታስጠጋ ይሰማል፤ ትጎትታለች፣ ታርፋለች፣ ትጎትታለች። ጠይብ ገና ከገበያ አልተመለሰም። እሌኒ ተነሥታ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች።

«እትዬ አሲያ።»

«ምነው?»

«መሰላሉን...» አለች እሌኒ። «መሰላሉን ያውሱኝ።»

 አሲያ ቀና ብላ ወገቧን ያዘች። «ከጓሮ ነው፣ የምታውቂው ቦታ» አለች። እሌኒ አልሄደችም።  «ለምን አልተናገሩም?» አለች። «አባባ መሰላል የለኝም ሲሉ... ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ? መሰላል አውሻቸው ነበር ብዬ?» አሲያ በእውነት የገረማት መሰለች። «ያዋስሁትን ዕቃ ለዳኛ ልቁጠር? ጎረቤት ነን። ዛሬ መሰላል ብቆጥር ነገ ጨውም እሳትም ልቆጥር ነው።» አንድ ጣቃ አነሣች፤ ከብዷት መልሳ አስቀመጠችው። «ደግሞ አንቺ አለሽ ብዬ ነበር።» ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ለእሌኒ ከዚህ የከበደ ቃል ሊነገራት አይችልም ነበር። «ሂጂ በይ፣ ሳይዘንብ። ሦስተኛው እርከን አልተሠራም፣ ተጠንቀቂ።»

መሰላሉ ረጅም ነው፤ በትከሻዋ ላይ ሲሆን ፊቱ ከፊቷ ቀድሞ፣ ኋላው ከኋላዋ ዘግይቶ ይሄዳል። አጥሩ ከክሱ ወዲህ ከፍ ስለተደረገ በጓሮ ማሳለፍ አይቻልም፤ በመንገዱ ዞራ በገዱ ሻይ ቤት ፊት ማለፍ ነበረባት። በሻይ ቤቱ ታዛ ሥር ዝናቡን ፈርተው የቆሙ ሰዎች አዩዋት። ከጠዋቱ አዳራሽ የነበሩም አሉባቸው። አንዱ «እሌኒ፣ መሰላል ገዛችሁ?» አለ፤ ጓደኛው በክርኑ ጎሸም አደረገው። ገዱ ብርጭቆ ስታጥብ ቀና ብላ መሰላሉን፣ ከዚያ እሌኒን፣ ከዚያ የአሲያን ሱቅ አየች፤ ወደ ብርጭቆዋ ተመለሰች። እሌኒ አንገቷን ደፍታ አለፈች። መሰላሉን በራሳቸው ጣራ ላይ ስታስደግፍ የመጀመሪያው ጠብታ እጇ ላይ አረፈ። እግሩን የሚይዝላት አልነበረም። ወጣች፤ ሦስተኛውን እርከን ዘለለችው። የአሸንዳውን አፍ በሁለት እጇ ይዛ ስትጎትተው ቆርቆሮው ያን ዕለት የጮኸውን ጩኸት ጮኸ፤ ውስጥ ያለ ሰው ሊሰማው ይችላል። ቆርቆሮው ጣቷን ቆረጣት። ወደ ዱሮው ቦታ ዞረ።

ስትወርድ ዶፉ ለቀቀው። ገብታ ሳታነጋግራቸው የአባቷን አልጋ በግርጌው በኩል ይዛ ከግድግዳው አራቀችው፤ እሳቸው አልጋው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ አብረው ተጎተቱ። ቤቱ ጨለምለም ብሏል። ከውጭ፣ አልጋው በነበረበት በኩል፣ ውኃው በራሳቸው ግድግዳ ሥር ሲወርድ ይሰማል፤ በግድግዳው ማዶ ያለው ድምፅ ጠፍቷል፣ የአሲያም መጎተት ቆሟል። ከምርጉ አንዲት ቁራጭ ለቃ መሬት ላይ ወደቀች። አቶ አሻግሬ የወደቀችውን ቁራጭ እያዩ «ነፋሱ መለሰው?» አሉ።

«ነፋስ አይደለም። እኔ ነኝ።»

 የደማ ጣቷን አዩ። «በምን ወጣሽ?»

«በመሰላል።»

የማን መሰላል እንደሆነ አልጠየቁም። ባርኔጣቸው ገና ራሳቸው ላይ ነበር፤ አወለቁት፣ የሚያስቀምጡበት አጥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ዝናቡ ብዙ ሳይቆይ እንደጀመረ ሁሉ ድንገት አባራ። አሸንዳው ግን ገና ያንጠባጥባል። «ሲያባራ መልሺላቸው» አሉ፣ ማባራቱን እንዳልሰማ ሰው።

«እርስዎ ይመልሱት» አለች እሌኒ።

በሕይወቷ እንዲህ መልሳላቸው አታውቅም። ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። አቶ አሻግሬ ግን ተነሡ። ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ከዘራቸውን ሊያነሡ እጃቸውን ዘርግተው መሰላል ተሸክሞ ከዘራ መያዝ እንደማይቻል ትዝ ሲላቸው ተዉት። በሩን ከፈቱ። ብርሃኑ ገባ፤ መሰላሉ ከጣራው ጋር ተደግፎ፣ ርሶ፣ ቆሞ ይታያል። በማዶው የገዱ ታዛ ሥር ሰዎቹ እንደቆሙ ናቸው። ዝናቡ አባርቷል፣ ግን አልሄዱም። ከመካከላቸው አንዱ አቶ አሻግሬን አይቶ በአክብሮት ባርኔጣውን አነሣላቸው።

አቶ አሻግሬ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ተመለሱ። በሩን እንደገና ገጠሙት፤ አልቀረቀሩትም። አልጋው ወደ ነበረበት ቦታ ሊቀመጡ ሄደው ባዶ ሆኖ ቢያገኙት በዳበሳ ወደ አዲሱ ቦታው መጡና ጫፉ ላይ ተቀመጡ።

«ትንሽ ይምሽ፣» አሉ።

እሌኒ ከመደቡ ላይ ተቀመጠች። አባትና ልጅ ውኃው በገዛ ግድግዳቸው ሥር ሲንጠባጠብ እያዳመጡ እስኪመሽ ጠበቁ።